ጠያቂው ማነው? ኮምፒውተር ሲነሳ የሚመጣን ያልታሰበ የፓስዎርድ ጥያቄ ደረጃ በደረጃ መፍታት

ላፕቶፑ ትናንት ማታ ደህና ነበር። ዛሬ ስትከፍቱት ፓስዎርድ ይጠይቃል። የዘወትሩ የመግቢያ ፓስዎርድ ቢሆን ችግር አልነበረም፤ ይሄኛው ግን ሌላ ነው። አንዱ ሰማያዊ ገጽ አውጥቶ 48 አሃዝ አምጡ ይላል። ሌላው ዴስክቶፑ ከመጣ በኋላ ትንሽ ሳጥን ይዘረጋና ስለተቆለፈ ፎልደር ያወራል። ፎልደሩን ማን ቆለፈው? መቼ? ትዝ የሚለው የለም።

ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ይዞ ፒያሳ ወይም አራዳ አካባቢ ጥገና ቤት የገባ ሰው ቶሎ የሚቀርብለት መፍትሔ «ፎርማት ይደረግ» ነው። ባለሙያው ላይ አልፈርድም። ወረፋ አለበት፤ ዊንዶውስ መጫን ደግሞ የለመደው ሥራ ነው። ግን የተመሰጠረ ዳታ እንደ ተራ ዳታ አይደለም። ተራ ፎቶ ቢሰረዝ በሪከቨሪ ሶፍትዌር ተፈልጎ ሊገኝ ይችላል። የተመሰጠረው ቁልፉ ከሌለ ተፈልጎ ቢገኝ እንኳ ትርጉም የሌለው የተዘበራረቀ ነገር ነው። ስለዚህ ከመተየብም ከማጥፋትም በፊት ጠያቂውን ለዩ። ማን እንደሚጠይቅ ከታወቀ፣ ብዙውን ጊዜ ሥራው የአንድ ምልክት ማንሳት ያህል ነው።

ጥያቄው የሚመጣበትን ጊዜ ያዙ

ስልካችሁን በእጃችሁ ያዙና ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሱ። ጥያቄው ሲመጣ ፎቶ አንሱት። ሙሉ ስክሪኑ ይታይ፤ በተለይ ከላይ ያለው ርዕስና ከታች ያሉት ትንንሽ ጽሑፎች። ጥገና ቤት መሄድ ካለባችሁም «አንድ ነገር ጠየቀኝ» ከማለት ይሄ ፎቶ ይሻላል።

ከዚያ ይህን መልሱ፦ ጥያቄው የመጣው ዊንዶውስ ሳይነሳ ነው ወይስ ከተነሳ በኋላ?

የዴል፣ የኤችፒ ወይም የሌኖቮ አርማ እንደታየ ከመጣ፣ ጠያቂው ከዊንዶውስ በታች ያለ ነገር ነው። ቢትሎከር ወይም ቬራክሪፕት (ሁለቱም ዲስክ መመስጠሪያ ናቸው)፣ ወይም ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሊሆን ይችላል። ስማችሁና ፎቶአችሁ ያለበት ገጽ ላይ ከመጣ ተራው የአካውንት ፓስዎርድ ወይም ፒን ነው፤ የዛሬ ጉዳያችን አይደለም። ዴስክቶፑ ከመጣ በኋላ ከሆነ ጠያቂው አንድ ፕሮግራም ነው። ይሄ ከሁሉም ቀላሉ ነው።

አንድ ጥንቃቄ። ለመሞከር ስትፈልጉ «ሻት ዳውን» አድርጋችሁ አትክፈቱ፤ «ሪስታርት» ተጠቀሙ። ዊንዶውስ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል ነገር አለው። ይህ ሲበራ ሻት ዳውን ያደረጋችሁት ኮምፒውተር ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ከውስጡ የተወሰነውን አስቀምጦ ነው የሚተኛው። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከዜሮ ያስነሳል። ያስተካከላችሁት ነገር መሥራቱ የሚረጋገጠው በሪስታርት ነው።

ፒንም ቢሆን በግምት ደጋግማችሁ አትሞክሩ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ቁልፍ የሚጠብቀው ቺፕ ስህተት ሲበዛበት ለጊዜው ራሱን ይቆልፋል።

ሰማያዊው ገጽ እና 48 አሃዙ

ሰዉን በጣም የሚያስደነግጠው ይሄ ነው። ገጹ ሰማያዊ ነው፤ ቢትሎከር የሚል ስም አለበት፤ ቁጥር ማስገቢያ ቦታና «ሪከቨሪ ኪይ አይዲ» የሚል ረጅም መለያም ይታያል። ብዙ ሰው ቫይረስ ይመስለዋል። ቫይረስ አይደለም። ቢትሎከር የማይክሮሶፍት የራሱ የዲስክ መመስጠሪያ ነው፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ዘመን ጀምሮ አለ።

«እኔ ግን ምንም አልቆለፍኩም» ትላላችሁ። እውነታችሁን ሊሆን ይችላል። በአዳዲስ ላፕቶፖች ላይ «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» የሚባለው ነገር ባለቤቱን ሳይጠይቅ ይበራል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 ስሪት፣ 24ኤች2፣ ይህን ይበልጥ አስፍቶታል። ዊንዶውሱ አዲስ ተጭኖ በማይክሮሶፍት አካውንት ከተገባ፣ የሆም ስሪት እንኳ ቢሆን ዲስኩ ይመሰጠራል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ሲያበቃ ብዙ ሰው ወደ 11 ተሻግሯል። ስለዚህ ይህ ገጽ ከዚህ በኋላ ይበዛል እንጂ አይቀንስም።

እስከዛሬ ያልጠየቀው ዛሬ ለምን ጠየቀ? ቁልፉ የሚቀመጠው ቲፒኤም የሚባል ቺፕ ውስጥ ነው። ቺፑ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር የመነሻ ሁኔታውን ያያል። እንደ ትናንቱ ከሆነ ዝም ብሎ ይከፍታል። የተለወጠ ነገር ካየ ግን እንደ ጥንቁቅ ዘበኛ የሚያውቀውን ሰው ሳይቀር መታወቂያ ይጠይቃል። መታወቂያው ያ 48 አሃዝ ነው።

ቁልፉን ለማግኘት እንዲህ ሂዱ፦

1. ገጹ ላይ ያለውን የሪከቨሪ ኪይ አይዲ የመጀመሪያ 8 ፊደልና ቁጥር ጻፉ።
2. በስልካችሁ ብራውዘር የማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ግቡ። «ዲቫይስስ» የሚለው ውስጥ የኮምፒውተሩን ዝርዝር ስትከፍቱ ወደ ሪከቨሪ ኪይ የሚወስድ ማያያዣ ታገኛላችሁ።
3. ብዙ ቁልፍ ከተዘረዘረ፣ ከጻፋችሁት አይዲ ጋር የሚገጥመውን ምረጡ። አይዲው ካልገጠመ ቁልፉ የዚህ ዲስክ አይደለም፤ አትድከሙ።
4. ቁጥሩን አስገቡ። የቁጥር ቁልፎቹ እምቢ ካሉ ከኤፍ 1 እስከ ኤፍ 10 ያሉት ይሠራሉ፤ ኤፍ 10 ዜሮ ነው።

አካውንቱ ውስጥ ምንም ቁልፍ ከሌለስ? እዚህ ላይ የእኛ አገር ነገር ይመጣል። ላፕቶፑ ከየት መጣ? አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ ገዝቶ ልኮ ከሆነ፣ ከመላኩ በፊት «እስቲ ይሠራል ወይ» ብሎ ከፍቶ በራሱ አካውንት ገብቶበት ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ቁልፉ ያለው እሱ አካውንት ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ ማራኪ ግቢ ዶርም ውስጥ፣ ቁልፉ ደግሞ ሜሪላንድ! ስለዚህ ከፎርማት በፊት ዘመድ ጋ ይደወል። «ወንድምዬ፣ ያን ላፕቶፕ ስትልክልኝ በራስህ ኢሜይል ገብተህበት ነበር እንዴ?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም። እዚያ ሌሊት መሆኑን ብቻ አስቡ።

በስልክ 48 አሃዝ ማስነበብ ስህተት ይበዛበታል። ጥሩ ብልሃት አለ። ቁልፉ በ8 ቡድን የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ቡድን 6 አሃዝ አለው። እያንዳንዱ ቡድን ደግሞ ለ11 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። ለምሳሌ 135795 ለ11 ሲካፈል 12345 ይሰጣል፤ ትክክል ነው። ሁለት አሃዝ ተለዋውጦ 135759 ተብሎ ቢጻፍ እኩል አይካፈልም። የስልካችሁን ካልኩሌተር አውጡና ቡድን በቡድን ፈትሹ። የትኛው ቡድን እንደተበላሸ ወዲያው ታውቃላችሁ፤ ያችን ብቻ ደግመው ያንብቡላችሁ። ከዚያ ይልቅ የስክሪን ፎቶ በቴሌግራም ቢላክ ይሻላል፤ ኔትወርክ ሲያስቸግር ግን ይሄኛው መንገድ ያድናል።

ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤት ወይም የዩኒቨርሲቲ ከሆነ ቁልፉ የሚገኘው የአይቲ ክፍሉ ጋ ነው። ከድርጅት የወጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝታችሁ ከሆነም ቁልፉ የቀድሞው ድርጅት ዘንድ ቀርቶ ይሆናል። ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሪስታርት አስደርጉ፤ ባዮስ ውስጥም ገብታችሁ ውጡ። ሻጩ ቢቆጣም ይቆጣ።

ቁልፉ ከየትም ካልተገኘ ማይክሮሶፍትም ሊሰጣችሁ አይችልም፤ ቅጂ የለውም፤ አዲስም አይሠራም። «እከፍተዋለሁ» የሚል ሰው ከመጣ ብር አታባክኑ። ፎርማት የሚደረገው እዚህ ደረጃ ላይ ሲደረስ ብቻ ነው። ያኔም ፋይሎቹ ሌላ ቦታ እንዳሉ አስቡ። ለአማካሪ የተላከ የመመረቂያ ጽሑፍ ኢሜይል ውስጥ አለ። ቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ የወረወራችሁት ይኖራል። የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ የሆነው ዋንድራይቭም ሳታውቁት ዴስክቶፑን ሲገለብጥ ኖሮ ይሆናል።

ቁልፉ ገብቶ ነገም ከጠየቀ

ቁልፉን አስገብታችሁ ኮምፒውተሩ ቢከፈት ሥራው አላለቀም። ምክንያቱ ካልተነካ ነገም ይጠይቃል።

መጀመሪያ ቀላሉን እዩ፦ ፍላሽ ተሰክቶ ቀርቷል? አንዳንድ ኮምፒውተር በፍላሽ ለመነሳት ሲሞክር ቺፑ ይጠራጠራል። ፍላሹን ነቅላችሁ ሪስታርት አድርጉ። ሰሞኑን ራም ወይም ሃርድ ዲስክ ተቀይሯል? ባዮስ ተሻሽሏል? ሊኑክስ ለመጫን ተብሎ «ሴኪዩር ቡት» (ያልታመነ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለው ቅንብር) ጠፍቷል? የተነካውን አስታውሱ። አንዳንዴ የእናንተ ጥፋት የለበትም፤ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 የወጣ የዊንዶውስ ማሻሻያ አንዳንድ ኮምፒውተሮችን ወደዚህ ገጽ ወስዶ ነበር። በኦገስት ነው የታረመው።

ጎንደር ላይ ግን አንድ ሌላ ተጠርጣሪ አለ፤ ጠፍጣፋዋ የማዘርቦርድ ባትሪ። ሲአር 2032 ትባላለች፤ ሳንቲም ታክላለች፤ 3 ቮልት ናት። ሥራዋ መብራት ሲጠፋ የባዮሱን ቅንብርና ሰዓቱን ይዞ ማቆየት ነው። ባትሪዋ ስትደክም፣ መብራት በሄደ ቁጥር ዴስክቶፕ ኮምፒውተሩ ቅንብሩን ይረሳል፤ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ያ ቅንብር ሴኪዩር ቡትን ወይም ቲፒኤሙን ከለወጠ፣ ቢትሎከር ቁልፍ ይጠይቃል። መብራት ሄዶ በመጣ ማግስት ብቻ የሚጠይቅ ዴስክቶፕ ካላችሁ ነገሩ ይሄ ይመስለኛል።

ምልክቱ ሰዓቱ ነው። ቀኑ ወደ ብዙ ዓመት ኋላ ተመልሶ ከታየ ባትሪዋ ሞታለች። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ነውና ከእኛ በ7 ወይም 8 ዓመት ቢቀድም ብልሽት አይደለም። አንዳንድ ሰው ይህን «ለማስተካከል» ብሎ የእኛን ዓመተ ምሕረት ያስገባል። ከዚያ ዌብሳይቶች ሁሉ «ደህንነቱ ያልተረጋገጠ» እያሉ አልከፈት ይላሉ።

ስትቀይሩ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ንቀሉ። የድሮዋን አውጡ፤ አዲሷን የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ አስገቡ። ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ቀኑን አስተካክሉ፤ ሴኪዩር ቡትና ቲፒኤም እንደቀድሞው መብራታቸውን አረጋግጡ። ከዚያ ዊንዶውስን በቁልፉ ክፈቱ።

አሁን ለቺፑ «አዲሱ ሁኔታ ይሄ ነው» ማለት አለባችሁ። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ የቢትሎከርን ገጽ ክፈቱና «ሰስፔንድ ፕሮቴክሽን» የሚለውን ተጫኑ። ትንሽ ቆይታችሁ «ሪዙም» በሉት። ይህን ማድረግ የሚችለው የፕሮ ስሪት ነው። በሆም ስሪት ይህ ምርጫ አይታይም። እዚያ ቀላሉ መንገድ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ስር ያለውን ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን ማጥፋትና ሲጨርስ እንደገና ማብራት ነው። ረጅም ሰዓት ይፈጃል። መሀል ላይ መብራት ቢሄድ አትደንግጡ፤ ካቆመበት ይቀጥላል። ቻርጀሩን ግን ሰክታችሁ ጀምሩ።

ወደፊት ባዮስ ከማሻሻላችሁ ወይም እቃ ከመቀየራችሁ በፊትም ይህን ሰስፔንድ አስቀድሙ። ጥገና ቤት የምትሰጡ ከሆነ ራሳችሁ አድርጋችሁ ስጡ።

ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚመጡ ሌሎች

ጥቁር ገጽ ላይ በነጭ ጽሑፍ ቬራክሪፕት የሚል ከታየ፣ አንድ ሰው ሙሉ ዲስኩን በቬራክሪፕት ቆልፎታል ማለት ነው። እዚህ ገጽ ላይ አማርኛ ኪቦርድ የለም፤ የአሜሪካኑ አቀማመጥ ብቻ ነው የሚሠራው። «ፒአይኤም» (ከፓስዎርዱ ጋር የሚሄድ ተጨማሪ ቁጥር) ብሎ ከጠየቀና ስትቆልፉ ቁጥር ካልመረጣችሁ፣ ባዶውን ትታችሁ ኢንተር ምቱ።

የባዮስ ወይም የሃርድ ዲስክ ፓስዎርድ የኩባንያው አርማ ላይ ወዲያው ይመጣል። ይሄ ከምስጠራ ፎልደር ጋር ግንኙነት የለውም። ያገለገለ እቃ ከሆነ የሸጠላችሁን ሰው ያዙ።

ዴስክቶፑ ከመጣ በኋላ የሚጠይቀው

አሁን ወደ ቀላሉ መጣን። ሳጥኑን ሳትዘጉ «ኮንትሮል»፣ «ሺፍት» እና «ኢስኬፕ» አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ከተዘረዘሩት ውስጥ ጠያቂው የሚመስለውን ፕሮግራም በቀኝ ክሊክ ንኩና «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» በሉት። ፕሮግራሙ የተቀመጠበት ፎልደር ስሙን ይነግራችኋል። ከዚያ እዚያው ታስክ ማናጀር ላይ «ስታርትአፕ አፕስ» የሚለውን ክፈቱ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱት ሁሉ እዚያ አሉ።

ፕሮግራሙን «ዲስኤብል» ማድረግ ጥያቄውን ዝም ያሰኛል። ፎልደሩን ግን አይከፍተውም፤ አይሰርዘውምም። ፎልደሩን የምትጠቀሙበት ከሆነ የፕሮግራሙን የራሱን ቅንብር መንካት ይሻላል።

ቬራክሪፕት ከሆነ ሁለት ቦታ እዩ። አንደኛው «ፌቨሪትስ» ሜኑ ውስጥ «ኦርጋናይዝ ፌቨሪት ቮልዩምስ» ነው። እዚያ የተዘረዘረውን ቮልዩም (የተቆለፈውን ማከማቻ) ስትመርጡ «ማውንት አፖን ሎግኦን» የሚል ምልክት ማድረጊያ ታያላችሁ። ምልክቱን አንሱ። ሁለተኛው «ሴቲንግስ» ውስጥ «ፕሪፈረንስስ» ነው። ዊንዶውስ ሲከፈት ምን ይደረግ የሚለው ክፍል ላይ፣ ዲስኮችን ሁሉ ማውንት አድርግ (ክፈት) የሚለው ተመርጦ ከሆነ አንሱት። አብዛኛው «ከየት መጣ?» የሚባል የቬራክሪፕት ጥያቄ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ነው። አንድ ቀን ለምቾት ተብሎ የተነካች ምልክት ናት፤ ከዚያ ተረሳች።

ክሪፕቶማተር የሚባለውን የፎልደር መመስጠሪያ የምትጠቀሙ ከሆነም ሁለት ቅንብር አለ። አንዱ ፕሮግራሙ ከኮምፒውተሩ ጋር እንዲነሳ የሚያደርገው ነው። ሌላው ደግሞ በእያንዳንዱ ቮልት (የተቆለፈ ፎልደር) ቅንብር ውስጥ፣ ፕሮግራሙ ሲነሳ ቮልቱም ይከፈት የሚለው ነው። ሁለተኛውን ብቻ ብታነሱ በቂ ነው።

«ፎልደር መቆለፊያ» የሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ብዙ ሰው ጥያቄው ሲሰለቸው ፕሮግራሙን አንስታል ያደርገዋል፤ ከዚያ ፎልደሩ ይሰወራል። መጀመሪያ ፎልደሩን ክፈቱ። ቀጥሎ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ፤ መከፈታቸውንም እዩ። ፕሮግራሙ አንስታል የሚደረገው መጨረሻ ላይ ነው። በግሌ እነዚህን ፕሮግራሞች አልመክርም፤ አንዳንዶቹ ፎልደሩን የሚደብቁ እንጂ የሚመሰጥሩ አይደሉም።

ዲ ድራይቭ ለብቻው በቢትሎከር ተቆልፎ፣ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር የሚጠይቃችሁ ከሆነ ሁለት ነገር ፈትሹ። የፋይል ኤክስፕሎረር «ፎልደር ኦፕሽንስ» ውስጥ፣ «ቪው» በሚለው ስር፣ የቀድሞ ፎልደር መስኮቶች ሲገባ ይመለሱ የሚል ምርጫ አለ። እሱ ሲበራ ዊንዶውስ ማታ ክፍት የተተወውን የዲ ፎልደር ጠዋት ሊከፍት ይሞክራል፤ ድራይቩም ፓስዎርድ ይላል። ምርጫውን አጥፉት። ወይም ድራይቩ ራሱ እንዲከፈት ከፈለጋችሁ፣ የቢትሎከር ገጽ ላይ «ተርን ኦን ኦቶ አንሎክ» በሉት። ይህ ለውስጥ ድራይቭ የሚሠራው ሲ ድራይቭም የተመሰጠረ ከሆነ ነው። ለፍላሽና ለውጭ ሃርድ ዲስክ ግን ይህ ግዴታ የለም።

የቢሮ ኮምፒውተር ላይ «ኔትወርክ ክሬደንሻልስ» የሚል ሳጥን ከመጣ ምስጠራ አይደለም። ድሮ የተያያዘ የጋራ ፎልደር ነው። «ዚስ ፒሲ» ውስጥ ያንን ድራይቭ በቀኝ ክሊክ «ዲስኮኔክት» ማለት ይበቃል።

«ፎርማት ዲስክ» የሚለውን አትንኩ

ይህን ለብቻው ያወጣሁት ብዙ ፎቶ ስለሚያስበላ ነው። የጥምቀት ሰሞን ፋሲል መዋኛ ላይ ሲያነሳ የከረመ ፎቶ አንሺ ወይም የእንግዶችን የፓስፖርት ቅጂ የሚይዝ አስጎብኚ፣ የውጭ ሃርድ ዲስኩን በቬራክሪፕት ቢቆልፍ ብልህ ነው። ዊንዶውስ ግን የቬራክሪፕትን ዲስክ አያውቀውም። ባዶ ወይም የተበላሸ ይመስለዋል። ስለዚህ ዲስኩ ተሰክቶ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር «ከመጠቀምህ በፊት ፎርማት ማድረግ አለብህ» የሚል ሳጥን ያወጣል። ሰማያዊው ቁልፍ ደግሞ «ፎርማት» የሚለው ነው! «ካንስል» በሉ። ሁልጊዜ «ካንስል»።

ሳጥኑ ጨርሶ እንዳይመጣ ከፈለጋችሁ፣ «ዲስክ ማኔጅመንት» ክፈቱና የዚያን ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ድራይቭ ፊደል አስወግዱ። ፊደል ማስወገድ ዳታ አይነካም። እዚያው ገጽ ላይ «ኢኒሻላይዝ» ወይም «ፎርማት» የሚል ከመጣ እምቢ በሉ። ከዚያ በኋላ ዲስኩ በራሱ በቬራክሪፕት በኩል ብቻ ይከፈታል፤ ቬራክሪፕት የራሱን ፊደል ይሰጠዋል። አይቀርምና «ቱልስ» ውስጥ «ባክአፕ ቮልዩም ሄደር» አድርጋችሁ ፋይሉን ሌላ ቦታ አስቀምጡ። የዲስኩ መነሻ ቢበላሽ እሱ ያድናል።

ይሄን ዲስክ ለሌላ ሰው ሲያውሱት ወይም ስቱዲዮ ሲተዉት ላዩ ላይ በፕላስተር «ፎርማት አይደረግ» ተብሎ ይለጠፍበት።

ትክክለኛው ፓስዎርድ «ስህተት» ሲባል

ጠያቂውን አውቃችኋል፤ ፓስዎርዱንም ታስታውሳላችሁ፤ እምቢ ይላል። መጀመሪያ ኪቦርዱን ጠርጥሩ። የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ አንድ ላይ ስትጫኑ ቋንቋው ይቀያየራል፤ እንግሊዝኛ ላይ መሆኑን እዩ። ፓወር ግዕዝ ወይም ኪማን ከኋላ እየሠራ ከሆነም ለጊዜው ዝጉት። ሳጥኑ የሚያሳያችሁ ነጥብ ብቻ ስለሆነ፣ የጻፋችሁት «ሰላም» ይሁን በላቲን ፊደል የጻፋችሁት አይለይም።

ኖትፓድ ከፍታችሁ ፓስዎርዱን ጻፉና በዓይናችሁ እዩት። ካፕስ ሎክ ነው? ነም ሎክ ጠፍቶ ቁጥሮቹ አልገቡም? ካያችሁ በኋላ ጽሑፉን አጥፍታችሁ ሳታስቀምጡ ዝጉት። ቬራክሪፕት ላይ «ዲስፕሌይ ፓስዎርድ» የሚል ምልክት ማድረጊያም አለ። አዲስ ስታወጡ በግዕዝ ፊደል አታድርጉት፤ ዊንዶውስ ሳይነሳ በሚመጣ ገጽ ላይ መጻፍ አትችሉም።

ሊኑክስ ላይ ያላችሁ

ኡቡንቱ ስትገቡ «የሎግኢን ኪይሪንግ አልተከፈተም» (ኪይሪንግ የተቀመጡ ፓስዎርዶች ማከማቻ ነው) የሚል ሳጥን ከመጣ፣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የመግቢያ ፓስዎርድ መቀየሩ ነው። የድሮውን ፓስዎርድ አስገቡ፤ ይከፈታል። ከዚያ «ፓስዎርድስ ኤንድ ኪይስ» የሚለውን ፕሮግራም ክፈቱና ሎግኢን የሚለውን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ ፓስዎርዱን ከአዲሱ ጋር አንድ አድርጉት። ያለ ፓስዎርድ በራሱ የሚገባ ኮምፒውተር ከሆነ ግን ሁልጊዜም ይጠይቃል፤ በራሱ መግባቱን ማጥፋት ነው የሚሻለው።

የተመሰጠረ ሁለተኛ ዲስክ ማሽኑ ሲነሳ እየጠየቀ ካስቸገረ፣ «ዲስክስ» ውስጥ ፓርቲሽኑን ምረጡ። በጥርሳሟ ጎማ ምልክት በኩል «ኤዲት ኢንክሪፕሽን ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብታችሁ፣ ሲስተሙ ሲነሳ ይከፈት የሚለውን አንሱ። ስትፈልጉት ብቻ ትከፍቱታላችሁ።

የእናንተ ያልሆነ ጠያቂ

ፕሮግራሙን ካልጫናችሁት፣ ፋይል ሎኬሽኑም የማታውቁት ቦታ ከሆነ፣ ምንም አትተይቡ። ለፎልደር መክፈቻ የኢሜይል ፓስዎርድ የሚጠይቅ የለም። ስክሪኑን ሞልቶ «ወደዚህ ቁጥር ደውሉ» የሚል ገጽ የብራውዘር ገጽ ነው፤ ኦልት እና ኤፍ 4 ይዘጋዋል። ፋይሎቻችሁ ስማቸው ተለውጦ ክፍያ የሚጠይቅ ጽሑፍ ካያችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ራንሰምዌር ነው። ዋይፋዩን አጥፉ፤ የተሰካውን ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ንቀሉ።

ጥርጣሬ ብቻ ከሆነ «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» ውስጥ «ስካን ኦፕሽንስ» ግቡና የዲፌንደርን ኦፍላይን ስካን አስጀምሩ። ኮምፒውተሩ ራሱ ተነስቶ ዊንዶውስ ሳይከፈት ይፈትሻል። ፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሽ እየሰካችሁ የምታትሙ ተማሪዎች፣ ይህን አልፎ አልፎ ሳትጠየቁ አድርጉት።

ቁልፉን ማስቀመጥ

ኮምፒውተሩ በሪስታርት ሳይጠይቅ ከተነሳ፣ ገና ሲከፈትላችሁ የቢትሎከሩን ቁልፍ አውጡ። የቢትሎከር ገጽ ላይ «ባክአፕ ሪከቨሪ ኪይ» የሚል አለ። አትሙት። አንዱን ወረቀት ከዲፕሎማችሁና ከልደት ካርዳችሁ ጋር አድርጉ፤ ሌላውን ቤተሰብ ዘንድ አስቀምጡ። የኮምፒውተሩን ስምና የአይዲውን 8 ፊደል ወረቀቱ ላይ ጻፉበት። ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ አብሮ አይቀመጥ፤ ዴስክቶፕ ላይ በፋይል ማስቀመጥም ዋጋ የለውም፣ ሲቆለፍ አብሮ ይቆለፋልና።

ፎልደር በቀኝ ክሊክ «ኢንክሪፕት ኮንተንትስ» ብላችሁ የቆለፋችሁ ካላችሁ፣ እሱ ፓስዎርድ አይጠይቅም። ግን ዊንዶውስ «የምስጠራ ቁልፍህን ባክአፕ አድርግ» የሚል ማሳሰቢያ ያወጣል። ያንን ችላ አትበሉ። ሰርተፍኬቱን ፍላሽ ላይ ካላወጣችሁት፣ ዊንዶውስ አዲስ ሲጫን እነዚያ ፋይሎች አይከፈቱም።

ላፕቶፑን ለታናሽ እህት ወይም ለሌላ ሰው ስትሰጡም፣ መጀመሪያ ኢንክሪፕሽኑን አጥፉ፤ ጨርሶ እስኪፈታ ጠብቁ፤ ከዚያ ከአካውንታችሁ ውጡ። እሷ በራሷ አካውንት ስትገባ አዲሱ ቁልፍ በእሷ ስም ይቀመጣል።